የእትዬ ምላስ

«እሱማ አይቀበልም፣ ጌታዬ። ደግ አስበውለታል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እንኳን ሰው ሊያስተምር፣ ስሙን ሲጠይቁት የሚሆነውን ያውቁ የለ? ይተዉት፤ በመቀሱ ይኑር።»

ቆራጩ ይህን የሰማው ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆሞ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ የአንዱ ማስነጠስ ሌላውን «ይማርህ» ያሰኛል። ታላቅ እህቱ ደግሞ ስልክ ስትይዝ፣ የምታናግረው ሰው ከወንዝ ማዶ የቆመ ይመስል ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ማንን እንደምታናግር አላጣውም። «ጌታዬ» የምትለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የልብስ ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ። ምላጩን ጉንጩ ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ሰው በአንድ ትንፋሽ፣ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ሳበው። ደም አልወጣም። እጁ ተሳስቶበት አያውቅም፤ የሚሳሳትበት ሌላ ነው።

ነገሩ የመጣው ትናንት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቆረጣ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «መስመር፣» አለው፤ በጠመኔ ሳያሰምር ቀጥ አድርጎ ስለሚቆርጥ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም የሚጠራው በዚህ ቅጽል ነው። «ሰኞ ስምንት አዲስ ቆራጮች ይገባሉ። አንተ ብታሠለጥናቸው ምን ይመስልሃል?» ቆራጩ አፉን ከፈተ። ቃሉ ጉሮሮው በር ላይ ደርሶ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ቸኩሎ ነበርና፣ «አስብበት፣ አስብበት! እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት አሳውቀኝ፤ ማስታወቂያውን ያን ጊዜ እለጥፋለሁ፤» ብሎ ሄደ። ቆራጩ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። ሃያ ዓመት ሲያስበው የኖረ ሥራ ነው። ማታ ራት ላይ ለእህቱ ነገራት። ሰማችው፤ ሳህኑን አነሳች፤ ምንም አላለችም። ይኸው ያላለችው ነገር አድሮ ጠዋት በስልክ ወጣ።

በዚያ ቤት ደንብ ስልኩ የእሷ፣ በሩ የእሱ ነው። ስልክ ሲጮህ እሷ ትሮጣለች፤ በር ሲንኳኳ እሱ ይከፍታል፤ በር ላይ ራስን ነቅንቆ ሰውን ማስገባት ይቻላልና። እንግዳ ሲመጣና «አንተስ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ሲለው፣ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበታል፤» የምትለው እሷ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ደውላ፣ «ከጎኑ አሳጥርለት፣ ከላይ አትንካው፤» የምትለውም እሷው። ብቻውን ሲወጣ ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሚወደው ነጩን ነው፤ «ነጭ» የሚለው ቃል ግን አፉ ላይ ይቸከላል። ስለዚህ ዋጋው በሩብ የሚበልጠውን፣ የማይወደውን ጥቁሩን ገዝቶ ይመጣል። እህቱ ወንድሜ ጥቁር ዳቦ ይወዳል እያለች ለሰው ትናገራለች። እሱም ይበላል። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ያልወደደው ዳቦ ቢቆለል ፎቅ ያክላል።

ፊቱን አድርቆ ወጣ። እህቱ ጠረጴዛው ላይ ሻይና የተቀቀለ እንቁላል አቅርባ፣ ስልኩን በፎጣ እየወለወለች ነበር፤ ያልቆሸሸ ስልክ። «ብላ እንጂ፣ ሆስፒታሉ ሦስት ሰዓት ነው ያለን፤» አለች። ሰምቶ እንደሆነ ፊቱን አየችው። እሱ እንቁላሉን ላጠ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ዝምታው ነቅዞ፣ ዱቄቱ በሁለቱ ሻይ መካከል የሚራገፍ ይመስል ነበር።

የሆስፒታሉ ጉዳይ ከሦስት ሳምንት በፊት የተያዘ ነው። ሲናገሩ የሚንተባተቡ አዋቂዎችን አንጎል የሚያጠኑ ሰዎች፣ ተንተባታቢውን ከማይንተባተብ የቅርብ ዘመዱ ጋር እንፈልጋለን ብለው ማስታወቂያ አወጡ። ማስታወቂያውን ያየችው እህቱ ናት፤ የደወለችውም እህቱ፤ ከምትሠራበት ፋርማሲ ፈቃድ የወሰደችውም እሷ። ቆራጩ እሺ ያለው ለትራንስፖርት በሚሰጡት ገንዘብ ሳቢያ አልነበረም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ዝም በል፣ ተረጋጋ፣ ትንፋሽ ውሰድ ሳይለው፣ ተናገርና እንየው ስላለው ነው።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። ተመራማሪዋ ነጭ ጋውኗ ላይ የሻይ ጠብታ ያለባት፣ ጫማዋን አውልቃ በነጠላ ጫማ የምትሠራ ሴት ነበረች። «ስምዎን ይንገሩኝ፤» አለችው። እህቱ ነገረቻት። «ዕድሜ?» እህቱ ነገረቻት። «ሥራ?» «ጨርቅ ቆራጭ ነው፣ የተመሰገነ፤» አለች እህቱ። ተመራማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔኮ የጠየቅኩት እሳቸውን ነው፤» አለች፣ ያለ ቁጣ። «እርስዎም ተራ አለዎት።» እህቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ቆራጩ ስሙን ለመናገር አርባ ሰከንድ ያህል ፈጀበት። ተመራማሪዋ አርባውንም ሰከንድ ጠበቀች። ጽፋም፣ «አመሰግናለሁ፤» አለች፤ ልክ በአንድ ሰከንድ ለተናገረ ሰው እንደምትል።

ወንበሩ የጥርስ ሐኪም ወንበር ይመስላል። ምላሱ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሱ ሁለት ስስ ብረቶች አጣበቁለት፤ ከብረቶቹ የወጣው ቀጭን ሽቦ እስክሪን ላይ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው፣ መጥበሻ የሚያክል መያዣ አምጥተው ከግራ ጆሮው በላይ አስጠጉት። «ማግኔት ነው፤ አያምም፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማዎታል፤» አለች። ቀጭ አለ። የቆራጩ ምላስ ማንም ሳያዘው አፉ ውስጥ ዘለለ። ደንግጦ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ ሳቀ። ያ ግትር፣ አርባ ዓመት ለምኖት እምቢ ያለው ሥጋ፣ ከላይ ሲያዙት እንደ ወታደር ተነሳ! «ም… ምላስ አጥንት የለውም፣» አለ እየሳቀ፣ «የኔ ግን አለቃም አልነበረው።» ተመራማሪዋም ሳቀች። እህቱ ግን አልሳቀችም፤ ወንድሟን በሽቦ ታስሮ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነበር። እስክሪኑ ላይ ቃል ይወጣል፤ ጥቂት ይቆይና ጢት ይላል፤ ጢት ሲል ቃሉን መናገር ነው። ማግኔቱ የሚመታው ቃሉ ከመነገሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ዓላማው ምላስን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ለመናገር ሲሰናዳ ምን ያህል እንደነቃ ማየት ነው። «በር»፣ «ድልድይ»፣ «መሰላል»። አንዳንዱን አለ፤ አንዳንዱ ላይ ቆመ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ቀጥሎ እህቱ ተቀመጠች። ብረቶቹ አፏ ውስጥ ሲገቡ፣ «ወይ ጉዴ፣ ምላሴን ልትሰርቁኝ ነው፤» አለች። ቃላቱንም ጢት ከማለቱ በፊት እየተናገረች ሁለት ጊዜ እንደገና ተጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ተመራማሪዋ የሁለቱን መስመር ሥዕል ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻቸው። «ዛሬ የሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ከዚህ ትልቅ ነገር አይባልም፤» ብላ አስቀድማ አስጠነቀቀች። የእህቱ መስመር ቃሉ ሊነገር ሲል ከፍ ከፍ እያለ እንደ ኮረብታ ይወጣል። የቆራጩ ግን በግራው አንጎል በኩል ሜዳ ነው። «የእርስዎ አንጎል ቃሉን ያውቀዋል፤ ምላስዎም ጤነኛ ነው። መሐል ላይ ያለው ዝግጁነት ነው የሚለየው። ለምን እንደሆነ ገና እየፈለግን ነው።»

እህቱ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በድንጋጤ ይመጣል?» አለች።

«በምን ድንጋጤ?»

«ልጅ ሆኖ። አራት ዓመቱ ነበር። አላስጠና ሲለኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ረስቼው ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ነው የጀመረው።» ይህን ስትል ወንድሟን አላየችም፤ የምታየው ሜዳውን መስመር ነበር።

ቆራጩ እህቱ በዚህ ራሷን እንደምትወቅስ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እህቱ ለምን ወደ ስልክ እንደምትሮጥ፣ ለምን በእሱ ፋንታ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ፀጉሩን እንደምትናገር፣ በአንድ ጊዜ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ታየው። ተመራማሪዋ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በዚያው ዕድሜ ነው፤ ሳጥን ውስጥ የተቆለፈውም ያልተቆለፈውም። እንዲህ ያለ ነገር ለጥቂት ሰዓት በመቆለፍ አይመጣም።» እህቱ የሰማች አትመስልም ነበር። ቆራጩ ሊናገር ተነሳ፤ ቃሉ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆመ፤ ጠበቀው፤ መጣ። «ብ… ብስኩት ነበረበት፤» አለ።

«ምን?»

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ። ግማሽ ፓኮ። በልቼ ተ… ተኛሁ።»

እህቱ አፏን በእጇ ያዘች። «አንተ ነህ እንዴ የበላኸው? እኔኮ በእሱም ተገርፌያለሁ!» አለችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊሄድ ሲል መለሰችው፤ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

የመጨረሻው ሙከራ ቀላል ነበር። ሁለቱም ምላሳቸው ላይ ብረት ተጣብቆ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እሱ አንድ ገጽ ያነባል፤ እሷ ትሰማለች። ማግኔት የለም። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸከለ። ተመራማሪዋ ከእስክሪኑ ኋላ፣ «እህታችን፣ ዝም ብለው ይስሙ፤» አለች።

«ዝም ብያለሁ እኮ!»

«አፍዎ ዝም ብሏል፤ ምላስዎ ግን አልተቀመጠም። ይዩት።»

ዞር አድርጋ አሳየቻት። ወንድሟ በቆመበት ቦታ ሁሉ፣ የእሷ መስመር ተነስቶ ይጨፍራል። እሱ ቃሉን ሳይጨርስ የእሷ ምላስ አፏ ውስጥ ቃሉን ጨርሶ፣ ቀጣዩን ሊጀምር ይንጠራራል። ማንም አላዘዛትም። እህቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ስትናገር ድምፅዋ የተገረመ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «እንዲህ ነው የማደርገው?» አለች። «ዝም ብዬም?»

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የትራንስፖርት የተሰጣቸው ከቲኬቱ ስለተረፈ እህቱ ከመንገድ ሁለት ብርቱካን ገዝታ ነበር፤ አንዱን ልጣ ግማሹን ሰጠችው። አንዲት ሴትዮ ድንጋይ ያህል የምትከብድ ቦርሳ እግራቸው ላይ አስቀመጠች፤ ይቅርታ አለች፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እህቱ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «ጠዋት ሰምተኸኛል፤» አለች። እሱ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ያዋርዱሃል ብዬ ነው። ስምንት ሰው ፊት ቆመህ…» አልጨረሰችውም። እሱም አልጨረሰላትም። ሰዓቱን አየ። ስምንት ተኩል ነበር። የቤታቸው ፌርማታ ሲደርስ እሷ ልትነሳ ስትል፣ ክንዷን ያዘና ወደፊት፣ ወደ ፋብሪካው አቅጣጫ አመለከታት። ተቀመጠች።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ከስፌት አዳራሹ ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለ ክፍል ነው፤ የመቶ ሃያ ማሽን ድምፅ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ቀን ሙሉ ይሰማበታል። የበሩ ቁልፍ ከተበላሸ ስለቆየ ቢዘጉትም ተመልሶ ገርበብ ይላል። እህቱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ የናሙና ኮሌታዎች ክምር ጎን ተቀመጠች። ቆራጩ ብቻውን ገባ።

«መስመር! ና፣ ና። እህትህ ደውለው ነበር። ገብቶኛል፤ ቅር አይበልህ።» ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። የተተየበው ማስታወቂያ ፊቱ ተቀምጧል፤ ለስሙ የተተወው ቦታ ገና ክፍት ነው።

«የ… የሰሙት የእትዬን ነው፤» አለ ቆራጩ። «የኔን አልሰሙም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላ ተደገፈ። «እሺ። ልስማው።»

ቆራጩ ጀመረ፤ ቆመ። ይህኛው ክፉኛ ያዘው። አንገቱ ተወጠረ፤ ዓይኑ ተጨፈነ። ሥራ አስኪያጁ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ወደ እሱ ተመለሰ፤ ሊረዳው አፉን ከፈተ፤ ቆራጩ መዳፉን ከፍ አደረገ፤ ሥራ አስኪያጁ አፉን ዘጋ። «እ… እቀበላለሁ፤» አለ ቆራጩ በመጨረሻ።

«በግልጽ ልንገርህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ችሎታህን የሚጠራጠር የለም። ግን ሥልጠና ነው። አንዱ ቀዥቃዣ ጣቱን የመቁረጫ ማሽኑ ቢላዋ ሥር ቢያስገባ፣ ‹ቁም!› ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል? ልጁ ጣቱን እስኪያጣ? እሱ ነው የሚያሳስበኝ እንጂ ሌላው ግድ የለም።»

ውጭ አግዳሚው ሲጥጥ አለ። ቆራጩ ግን፣ ሥራ አስኪያጁን እያየ፣ ፈገግ አለ። ሰውየው ከሒሳብ ክፍል የመጣ ነው። ስድስት ዓመት ፋብሪካውን ሲመራ አንድ ቀን እንኳ ቢላዋ ይዞ አያውቅም።

«ቢላዋ ላይ አ… አይጮህም፤» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

ነገረው። እየቆመ፣ እየተነሳ፣ አንዳንዱን ቃል እንደ ተጣበቀ መሳቢያ እየሳበ፣ ሁሉንም ነገረው። ሰማንያ ንብርብር ጨርቅ ውስጥ መቁረጫ ማሽን ያስገባ ሰው ከኋላው ቢጮሁበት ራሱን ያዞራል፤ እጅ ደግሞ ራስን ይከተላል። እሱን ያስተማሩት ሽማግሌ ቆራጭ የቀለበት ጣታቸውን ጫፍ ያጡት በቢላዋው ጥፋት አይደለም፤ «ተጠንቀቁ!» ብሎ በጮኸ ደግ ሰው ነው። ስለዚህ ቆረጣ ክፍል ውስጥ አደጋ ያየ ሰው አፉን አይከፍትም፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል። ቆራጭ ሁሉ ሆዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ነው የሚሠራው፤ ምቱ በሆዱ ይሰማዋል፤ ጣቱም ማብሪያውን ይለቃል። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው። ሁለተኛ የሚማረው ደግሞ ጨርቅን ከጥቅሉ ፈትቶ አሳድሮ ማሳረፍ ነው፤ ቸኩሎ ያላረፈ ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ሸሚዙ ከታጠበ በኋላ ተሰብስቦ ለልጁ ይሆናል። ሦስተኛ የሚማረው… ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ማየት ትቶ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ፣» አለ፣ ግንባሩን እየፈተገ። «እኔ እዚያ ክፍል ስገባ ከበሩ ጀምሬ እየጮህኩ አይደል እንዴ የምገባው?»

«እና… እናውቃለን።»

«ታዲያ እስካሁን እንዴት ሰው አልተቆረጠም?»

ቆራጩ ትንሽ አመነታ። «እርስዎ በደረጃው ሲ… ሲመጡ ማሽኑን ሁላችንም እናጠፋለን።»

«ለክብሬ መስሎኝ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ለአፍታ ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ በሳቅ ፈነዳ፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሁለቴ መታ፤ ምን እንዳደረገ ሲገባው ይበልጥ ሳቀ። «ስድስት ዓመት! ለሚስቴ ነግሬያታለሁ እኮ፣ ስገባ ቀጥ ይላሉ ብዬ!» ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ እስክሪብቶውን አነሳና ክፍቱ ቦታ ላይ የቆራጩን ስም ጻፈ። «ስምንቱን ባንድ ጊዜ ትይዛለህ?»

«አ… አራት አራት። እና አንድ ጥቅል የሚበላሽ ጨርቅ እፈልጋለሁ። ካላበላሹ አ… አይማሩም።»

«እህትህ አይናገርም ነበር ያሉኝ፤» አለ ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያውን ሊለጥፍ እየተነሳ። «ማስቆምም አልተቻለም።»

ቆራጩ ሲወጣ እህቱ ተነስታ ቆማ ነበር። ፊቷ ቀልቷል፤ እጇ ውስጥ አንዱ የናሙና ኮሌታ ተጨማድዶ እንደ መሐረብ ሆኗል። በሩ ከኋላው ተዘግቶ፣ እንደ ልማዱ ተመልሶ ገርበብ አለ። ከዚያ በኩል የሥራ አስኪያጁ ሳቅ እያንዳንዱ ትንፋሹ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ቆራጩ በሩን አየ፤ አግዳሚውን አየ፤ ርቀቱን በዓይኑ ለካ። ሁለት ክንድ አይሞላም። እህቱ ኮሌታውን አቃንታ ክምሩ ላይ መለሰች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘች።

«እህሳ፣» አለች፣ «ምን አለህ?»

ከፋብሪካው በር ወጥተው በእግረኛ መንገዱ ላይ መራመድ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላው ብርሃን ሞቅ ያለ ነበር። ቆራጩ ከመጀመሪያው ጀመረላት፤ ከገርበብ ካለው በር፣ ከማስታወቂያው፣ ከክፍቱ ቦታ። ስለ ቢላዋው ሲደርስ ቆመ፤ ቃሉ ተያዘ፤ እነሱም ፌርማታው አጠገብ ቆሙ። ሰው እየገፋቸው አለፈ። አውቶቡሳቸው መጣ፤ በሩን ከፈተ፤ ጠበቃቸው፤ ሄደ። የእህቱ ከንፈር አንዴ ተንቀሳቀሰ፤ በጥርሷ ያዘችው። ዓይኗን ከፊቱ ላይ ሳታነሳ ቆመች፤ እሱም ሳይቸኩል ቃሉ በራሱ ጊዜ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ወጣም።

«ከዚያስ?» አለችው።